የእህቴ ቪትዝ ጎማ ዳዶ በልኩ እስኪታሰር (ከደሴ የሥራ ማስታወሻ)

ዓርብ ማታ

ነገ የምጀምረው ሥራ የእህቴ ቶዮታ ቪትዝ ላይ ነው። አራቱንም ጎማ አውርዶ ቸርኬና (ጎማው የሚለብሰው ብረት) ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ዞሪ ብረት) የሚገናኙበትን ማጽዳት፣ የተሰበረችውን ቡሎን (ከሞዞው የሚወጣው ባለ ጥርስ ብረት) ማስቀየር፣ ከዛ ዳዶዎቹን (ቡሎኑ ላይ የሚዞሩትን ማሰሪያዎች) በፋብሪካው ልክ ማሰር፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ትንሽ ተነድቶ እንደገና ማየት። ሲያዩት ቀላል ሥራ ነው ግን እኛ ጋ የጎማ ዳዶ "በደንብ አጥብቀው" ተብሎ ነው የሚታለፈው፣ በደንብ ማለት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ስለዚ እየሠራሁ እጽፈዋለሁ መኪና ያለው ሰው ይጠቀምበት።

መነሻው እንዲ ነው። እህቴ ደሴ እየኖረች ኮምቦልቻ ነው የምትሠራው፣ ያን ቁልቁለት በየቀኑ ወርዳ ትወጣዋለች። ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰባት፣ ስኮርት (ትርፍ ጎማ) አላት ክሪክ (ማንሻ) አላት መፍቻም አላት፣ ዳዶው ግን አልንቀሳቀስ አላት። አንድ የጭነት መኪና ረዳት ቆሞላት (አላህ ይስጠው) መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ቆመበትና አንዷ ቡሎን ከነዳዶዋ ቀንጠስ አለች። በሦስት ዳዶ ቀስ እያለች ገባች። ጎማውን መጨረሻ ያሰረው ጎሚስታ በኤር መፍቻ (በአየር ግፊት የሚሠራው) እስኪበቃው ጠርቅሞት ነበር፣ ያ ኤር መፍቻ ደሞ ልክ አያውቅም፣ እስከተጫኑት ድረስ ይመታል።

ሰው መላላቱን ብቻ ነው የሚፈራው። ከመጠን በላይ መጥበቁም እኩል አደጋ ነው፣ ይሄን ነው በዚ ሥራ ማሳየት የምፈልገው። ቡሎን ማለት ብረት ቢሆንም ሲጠብቅ በጣም በትንሹ ይለጠጣል፣ ጎማውን ሞዞው ላይ አጣብቆ የሚይዘው ያ ለመመለስ የሚታገለው መለጠጥ ነው። ካነሰ ቸርኬው ሞዞው ላይ ይንሸራተታል፣ ከበዛ ደሞ ቡሎኗ ከመመለሻዋ ታልፋለች፣ ከዛ ወዲያ እንደ በፊቱ አትይዝም፣ አንድ ቀን ትቀነጠሳለች። የፍሬኑ ዲስክም ላይ ጣጣ አለው፣ አንዱ ዳዶ በጣም ጠብቆ ሌላው ላላ ካለ ዲስኩ ወደ አንድ ወገን ይጎተትና ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ለቪትዝ የፋብሪካው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በቆዩት መሣሪያዎች አጻጻፍ 10.5 ኪሎግራም ሜትር። ቡሎኑ ኤም 12 በ1.5 ነው (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር)፣ የዳዶው ራስ 21 ቡሶላ (ራሱን አቅፎ የሚይዝ መፍቻ) ይወስዳል። ይሄ የቪትዝ ነው እሺ፣ የራሳችሁን መኪና ከመጽሐፉ እዩ፣ ቁጥሩም ጥርሱም ይለያያል። ለምሳሌ ሱዙኪና ኒሳን ላይ ብዙ ጊዜ ኤም 12 በ1.25 ነው የሚገኘው፣ ውፍረቱ ከቶዮታው እኩል ስለሆነ ዳዶው ትንሽ ዞሮ ይገባል ከዛ ጥርሱን ይበላዋል። ዳዶ ከሰው ስትዋሱ ይሄን አስታውሱ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መጀመሪያ መፍቻውን ማመን

ቶርክ መፍቻ (የጥብቀቱን ልክ ሞልተው የሚያስሩበት) አለኝ፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለው ዓይነት። ያገለገለ መፍቻ ግን ሳይፈተሽ አይታመንም፣ ስፕሪንጉ ተጨንቆ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ደሴ ላይ ወስጄ የማስፈትሽበት ቦታ ስለሌለኝ ቤት ውስጥ በውሃ ፈተሽኩት፣ ይሄን ማንም ሊያደርገው ይችላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቶርክ ማለት ክብደት ሲባዛ በርቀት። 10.5 ኪሎግራም ሜትር ለማግኘት ከዳዶው መሀል 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 26 ኪሎ ከሩብ ማንጠልጠል ነው። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውሃ 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 5 ሊትሯን ጨመርኩባት፣ ሰፈር ካለው እህል ቤት ሚዛን ላይ አውጥቼ ውሃ እየቀነስኩ 26 ከሩብ ላይ አቆምኳት። ባለ ሚዛኑ ሰውዬ ውሃ ልትሸጥ ነው እንዴ አሉኝ፣ ነገሩን ሳስረዳቸው ቆይ ሚዛኔ ልክ መሆኑን ልይ ብለው ባለ 10 ኪሎውን ድንጋይ አውጥተው አስቀድመው ፈተሹልኝ፣ እንደዚ ዓይነት ሰው ደስ ይለኛል።

ከዛ ቤት መጥቼ የመፍቻውን አራት ማዕዘን ጫፍ ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ ያለ መቆንጠጫ) ላይ አሰርኩ፣ እጀታው ወደ ጎን ጠፍጣፋ እንዲተኛ አድርጌ (ወደ ላይም ወደ ታችም ካዘነበለ ሒሳቡ አይሠራም) 40 ሳንቲ ሜትሩን በሜትር ለክቼ ፕላስተር ለጠፍኩበት። እሷ ቦታ ደሞ እጄ የምይዝበት መሀል ላይ ነው የምትወድቀው፣ እንደዛ መሆን አለበት፣ ቀጭ የሚለው መፍቻ እጀታው መሀል ላይ ሲያዝ ነው ትክክል የሚለካው። ጀሪካኖቹን በገመድ አንጠለጠልኩና ከሥር በእጄ ደግፌ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ።

100 ላይ ሞልቼው ቀጭ አለ። 105 ላይ አሁንም ቀጭ። 110 ላይ ዝም፣ ጀሪካኖቹ ተንጠልጥለው ቀሩ። የመፍቻው የራሱ ክብደት ወደ 3 ኒውተን ሜትር ስለሚጨምር ሸክሙ በጠቅላላ 106 አካባቢ ነው፣ ስለዚ መፍቻው ያለው ነገር እውነት ነው። አዲስ ሆኖ ከፋብሪካ ሲወጣም 4 ፐርሰንት ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ይፈቀድለታል።

በነገራችን ላይ ይሄ ዓይነት መፍቻ ሥራ ሲያልቅ ወደ ትንሿ ቁጥር ተመልሶ ነው የሚቀመጠው፣ ተጨንቆ ካደረ ስፕሪንጉ ይደክማል። ዳዶ ለመፍታትም አይወሰድ፣ ለመፍታት ተራው ረዥም መፍቻ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መፍታት

መኪናዋን ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አቆምን፣ የእጅ ፍሬን፣ ፓርክ ላይ፣ በሰያፍ ላለው ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ። የደሴ ሰፈር ውስጥ ጠፍጣፋ ቦታ ማግኘት ራሱ ፍለጋ ነው፣ የጎረቤት ግቢ ለምነን ነው የገባነው።

ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው፣ ግማሽ ዙር ብቻ፣ ከዛ በክሪክ ይነሳል። ተነስቶ በጉልበት የሚጎተት ከሆነ መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊወርድ ይችላል። ክሪኩን ደሞ ከበሩ ሥር ባለው ድርብ ብረት ላይ ምልክት ያለበት ቦታ ነው የሚያስገቡት። ከተነሳ በኋላ ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) ከሥሩ ገባ፣ መንገድ ላይ ካቫሌቶ የሌለው ሰው የወረደውን ወይ ስኮርቱን ጎማ አጋድሞ ከመኪናው ሆድ ሥር ያስገባ፣ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል እጅና እግር ይተርፋል። መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ፣ እዚ ላይ እለምናለሁ።

የኋላዎቹ ተፈቱ። የፊት ግራው አንዱ ዳዶ አልወጣ ብሎ ጸረ ዝገት ነፍተን አቆየነውና ወጣ፣ ጥርሱ ላይ የተረፈውን ዘይት ግን ከመመለሴ በፊት በቤንዚን በራሰ ጨርቅ አጥቤዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እጽፋለሁ።

የፊት ቀኙ ነው ቡሎን የጎደለው። ጎማው ሲወርድ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የቸርኬው ጀርባ ላይ ሞዞው የሚያርፍበት ክብ ቦታ ቡናማ የዝገት ቅርፊት ይዟል፣ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ደረቀ ቀለም እየተላጠ ወደቀ። እዛ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ቸርኬው ሲቀባ የፈሰሰ ብርማ ቀለምም አለ፣ ወፍራም፣ ዳዶው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ድረስ የገባ። እንግዲህ ዳዶው በ103 ታስሮ ቢሆን እንኳ ያሰረው ብረትን አይደለም፣ ቀለምና ዝገትን ነው። መኪናው ሲሄድ ቀለሙ ይደቃል፣ ዝገቱ ይፈረፈራል፣ የያዘው ጥብቀት ይለቃል፣ ዳዶው አንድ ጥርስ ሳይዞር ላላ ማለት ነው። ብዙ ሰው "አጥብቄው ነበር እኮ" የሚለው እውነቱን ነው።

በብረት ብሩሽ ቸርኬውንም ሞዞውንም ዲስኩንም ንጹሕ ብረት እስኪታይ ፈተግኩ፣ የዳዶ መቀመጫዎቹን ቀለም በካቻቢቴ ጫፍ ጨርቅ ጠቅልዬ አነሳሁ። ግማሹ ሰዓት የሄደው እዚ ነው፣ ቢሄድም ይገባዋል።

አያ ሰይድ መጡ። ጎረቤት ናቸው፣ በድሮው ዘመን አሰብ መስመር በተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። አረፍ በሉ አልናቸው፣ ቡና እየተፈላ ነበር፣ ቁጭ ብለው የወረደውን ጎማ አዩና እጃቸውን ዳዶ ቀዳዳዎቹ ውስጥ አስገብተው ዞር ዞር አደረጉ። "ቀዳዳው ክብ ነው፣ ደኅና ነው" አሉኝ። "ምን ፈልገው ነው?" አልኳቸው። "ላልቶ የሄደ ጎማ ቀዳዳው እንቁላል ይሆናል፣ እንደዛ ከሆነ ቸርኬውን ጣለው፣ ዳዶ አያድነውም።" ሌላም ጨመሩ፣ በሳቸው ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሳይነሱ ጎማውን እየዞሩ ያዩ ነበር፣ ከዳዶው ሥር ቀይ የዝገት ዕንባ ወርዶ ካዩ ያ ዳዶ ላልቷል ማለት ነው፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣ ዱቄት ነው ዝናብ ያወረደው።

አሮጌ የጃፓን ጭነት መኪና ያላችሁ ደሞ የግራ ጎን ጎማ ዳዶዎች ወደ ግራ ዞረው የሚጠብቁ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አያ ሰይድ ረዳቶች ይሄን ሳያውቁ ሊፈቱ ብለው ሲያጠብቁ ቡሎን ሲቆርጡ ብዙ አይተዋል። ራሱ ላይ ኤል የሚል ፊደል ካለው የግራ ነው።

ቅዳሜ አመሻሽ፣ የቡሎን ነገር

ቡሎን መቀየሩን መካኒክ ነው ያደረገው፣ ፍሬን ስለሚነካ። እኔ ቆሜ አየሁ። ካሊፐሩ (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ክፍል) ተፈቶ በሽቦ ተንጠለጠለ (በፍሬን ቱቦው አይንጠለጠልም)፣ ዲስኩ ወጣ፣ ሞዞው ዞሮ ከኋላው ክፍት ቦታ ሲያገኝ የተሰበረችው ቀሪ ወደ ኋላ ተገፍታ ወጣች። መካኒኩ በማርቴሎ አልደበደባትም፣ በመጭመቂያ ነው የገፋት፣ ድብደባው ኩሽኔታውን (ሞዞው የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ይጎዳል። አዲሷ ከኋላ ገብታ ከፊት ለፊት ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ቀለበት) ተደራርቦ በአሮጌ ዳዶ እየተሳበች ቦታዋን ያዘች፣ ራሷ ሞዞው ጀርባ ላይ ልጥፍ እስክትል።

አጠገቧ ያሉትን ሁለቱንም አስቀየርኩ። አንዷ ስትቀነጠስ የሷን ሸክም ጎረቤቶቿ ናቸው የተሸከሙት፣ በሦስት ዳዶ ደሴ ድረስ ዳገት የወጣ ጎማ ነው። የቡሎን ዋጋ ከዚ ሁሉ ጋር አይወዳደርም።

እሁድ ጠዋት፣ ማሰር

ጥርሶቹ ደረቅ መሆናቸውን አየሁ። ግራሶ፣ ዘይት፣ ምንም አልቀባሁም። ብዙ ሰው እንዳይዝግ ብሎ ይቀባል ግን 103 የተባለው ለደረቅ ጥርስ ነው። ዳዶ ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት አብዛኛው ፍትጊያ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ወደ ግማሹ ዳዶው ከቸርኬው ጋ ሲፋተግ፣ ሌላው ጥርሱ ውስጥ፣ ቡሎኗን የሚለጥጠው ከአስር አንድ እጅ ገደማ ነው። ዘይት ሲገባ ፍትጊያው ይቀንስና መፍቻው ያንኑ 103 እያለ ቡሎኗ ላይ ግን ብዙ የበለጠ ጭነት ይወድቃል። በደረቁ 103 ራሱ እያንዳንዷን ቡሎን በ4 ቶን ገደማ ነው የሚስባት፣ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ዳዶው ሾጣጣው ጎኑ ወደ ቸርኬው ነው። ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ዳዶ ተገልብጦ ሲገባ ጠፍጣፋው ጎን ጠርዝ ብቻ ይነካል፣ ይጠብቃል ግን አይቆይም። የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ደሞ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ የሚፈልግ አለ፣ ሆንዳ ላይ መቀመጫው እንደ ኳስ ክብ ነው፣ ስለዚ ቸርኬ ስትቀይሩ ዳዶው ከቸርኬው ጋ ይሄዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁሉንም በጣቴ አስገባሁ፣ መፍቻ ሳልነካ። በጣት ያልዞረ ዳዶ ጥርሱ ተጣሟል፣ መልሶ ማውጣት ነው እንጂ በመፍቻ ማስገደድ የለም። ከዛ ጎማው በአየር ላይ እያለ በአጭሩ መፍቻ ለስ ለስ አድርጌ አጠጋሁ፣ በሰያፍ፣ አንዱን ከዛ ትይዩውን፣ ቸርኬው ሞዞው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ። ጎማው መሬት እስኪነካና እስከማይዞር ዝቅ አደረግኩት፣ መጀመሪያ ሁሉንም 50 ላይ፣ ቀጥሎ 103 ላይ፣ እንደገና በሰያፍ። መፍቻው በዝግታ ነው የሚሳበው፣ ነጠቅ ነጠቅ ካደረጉት ያልፋል። ቀጭ ሲል ማቆም። ለእርግጠኝነት ብሎ አንድ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ የሚያደርግ አለ፣ ያ ጥብቀት መጨመር ነው።

እዚ ጋ እህቴን ጠራኋት። "ነይ እቴ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የምታስሪው።" "እኔ ጉልበት የለኝም አልኩህ እኮ" አለችኝ። ጉልበት አይደለም አልኳትና ያቺ ፕላስተር ያለባትን ቦታ አስያዝኳት፣ መፍቻው ወደ ጎን ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ክንዷን ቀጥ አድርጋ በሰውነቷ ወደ ታች ጫን እንድትል። ቀጭ አለ። ደንግጣ ለቀቀችው። "ይሄው ነው?" "ይሄው ነው፣ 26 ኪሎ፣ የውሃ ጀሪካን ከነልጇ።" ቀሪዎቹን ሦስት እሷ አሰረች።

ከዛ የመኪናው የራሱ መፍቻ ላይ ሒሳቡን አሳየኋት። መፍቻው 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለ103 የሚያስፈልገው 42 ኪሎ ነው። 55 ኪሎ የሆነች ሴት ሙሉ ክብደቷን ጫፉ ላይ ብትጥል 135 አካባቢ ታወጣለች፣ ትንሽ ዝገት ከጨመረበት አይበቃትም። በ40 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ግን 216 ታወጣለች፣ በልኩ የታሰረ ዳዶን ለመፍታት ከበቂ በላይ ነው። ስለዚ ለሷ መኪና ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር መፍቻና 21 ቡሶላ አስገባን። አንድ ሜትር ቱቦ ላይ 70 ኪሎ ሰው ሲቆም ደሞ ወደ 690 ነው፣ ከልኩ ስድስት እጥፍ በላይ፣ ያቺ ቡሎን ምን ታድርግ።

መጨረሻ ላይ በእህቴ ኩቴክስ ከእያንዳንዱ ዳዶ ወደ ቸርኬው የምትሻገር ቀይ መስመር አሰመርን። ዳዶው ከዞረ መስመሯ ትሰበራለች፣ ጠዋት ቆሞ በዓይን ብቻ ማየት ይቻላል።

እሁድ ከሰዓት፣ ሐይቅ ድረስ

አዲስ የታሰረ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደገና ይታያል። ደሴ ሐይቅ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚ ተስማሚ ነው፣ ቤተሰቡም ሐይቁን አየ፣ እስጢፋኖስ ገዳምን ከማዶ ሆነን ተሳለምን፣ ዓሣ በላን። መንገድ ላይ ራዲዮ አጥፍተን መስኮት ከፍተን ነው የሄድነው፣ የላላ ጎማ በዝግታ ሲሄድ ከጎማው ጋ እኩል የሚመላለስ ጠቅ ጠቅ ይላል። ምንም የለም፣ መሪውም ፍሬን ላይ ጸጥ ያለ ነው።

ወዲያው አልፈተሽኩም። ቁልቁለት ሲወረድ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ሞዞና ቡሎን ያልፋል፣ የጋለ ብረት ላይ የሚነበብ ልክ ትክክል አይደለም። እራት በላን፣ ቀዘቀዘ፣ ባትሪ አብርተን ወጣን።

103 ላይ ሞልቼ ዞርኩ። ኋላ ሁለቱም ጎማ ሳይዞር ቀጭ። ፊት ግራ ሳይዞር ቀጭ። ፊት ቀኝ ላይ አዲሶቹ ቡሎኖች ካሉባቸው ሦስት ዳዶዎች ሁለቱ ቀጭ ከማለታቸው በፊት ትንሽ ዞሩ፣ በኩቴክሱ መስመር ሲታይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል። አዲስ ቡሎን ሞዞው ውስጥ ጥርሱ እየተቀመጠ ስለሚሄድ የሚጠበቅ ነው። ደግሞ ትንሽ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሌላ ጊዜ ይታያል፣ መስመሩን አጥፍቼ አዲስ አሰመርኩ።

ሐሙስ ማታ

እህቴ ኮምቦልቻ ደርሳ ተመላልሳለች፣ ዛሬ ማታ ሲቀዘቅዝ የፊት ቀኙን አየሁት፣ አራቱም ሳይዞሩ ቀጭ አሉ፣ መስመሩም አልተሰበረም። እሷ ራሷ ጠዋት ጠዋት መስመሩን እያየች ነው የምትነሳው።

የቀረ አለ፣ ስኮርቱ። አውጥቼ ሳየው ነፋሱ ከግማሽ በታች ነው፣ የዳዶ መቀመጫውም ላይ ዝገት አለው፣ ቅዳሜ እሱን አጽድቼ እነፋዋለሁ። ጎማ ቤት ስትሄድ የምትለውንም ተነጋግረናል፣ የኤር መፍቻው ዳዶውን ለማጠጋት ብቻ፣ የመጨረሻው በእጅ፣ በራሷ መፍቻ፣ እሷ እያየች። አያ ሰይድ ደሞ የልጃቸውን አይሱዙ እንድናይላቸው ጠይቀዋል፣ የሱን ልክና የግራ ዳዶዎቹን ነገር ከመኪናው መጽሐፍ ካገኘሁ በኋላ ነው የምነካው።